«ሜድ ኢን ጃፓን»፦ ስለ ዲፕ ፐርፕል የመድረክ አልበም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ አልበም ከወጣ ከግማሽ ክፍለ ዘመን በላይ ሆኖታል። ዛሬም ግን አዲስ አድማጭ ያገኛል፤ አዲስ አድማጭ ደግሞ ጥያቄ አያጣም። ደጋግመው ከሚነሱት ውስጥ የተወሰኑትን እዚህ መልሻለሁ። አልበሙን በጣም እወደዋለሁ፤ ይህንንም አልደብቅም።

አልበሙ ምንድን ነው? የተጫወቱትስ እነማን ናቸው?

የእንግሊዙ የሮክ ባንድ ዲፕ ፐርፕል በነሐሴ 1972 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ሦስት ምሽት ተጫወተ። ሁለቱ ኦሳካ ነበሩ፣ በ15 እና በ16። ሦስተኛው በ17 ቶኪዮ፣ ቡዶካን አዳራሽ ውስጥ ነው። ሦስቱም ምሽቶች ተቀዱ። ከነሱ ተመርጦ ሰባት ዘፈን የያዘ ባለ ሁለት ሸክላ አልበም ወጣ። ሰባት ዘፈን ትንሽ ይመስላል፤ ግን ከአንድ ሰዓት ከሩብ በላይ ይፈጃል።

ድምፃዊው ኢያን ጊላን ነው። ጊታር ሪቺ ብላክሞር፣ ኦርጋን ጆን ሎርድ፣ ቤዝ ሮጀር ግሎቨር፣ ድራም ኢያን ፔይስ። ባንዱ ብዙ ጊዜ አባላት ቀያይሯል፤ አድናቂዎች እነዚህን አምስቱን «ማርክ ቱ» ይሏቸዋል። ከሁሉም በላይ የሚወደዱትም እነሱ ናቸው።

ለምን ጃፓን?

ሐሳቡ የባንዱ አልነበረም። ከጃፓን በኩል ነው የመጣው። ጃፓን ውስጥ ሙዚቃቸውን የሚያሳትመው ኩባንያ ለአገሩ አድማጭ የሚሆን የመድረክ አልበም ፈለገ። አባላቱ ግን ብዙም አልጓጉም። የመድረክ ሥራቸውን ሸክላ ላይ ማስቀረት ይቻላል ብለው አላመኑም ነበር። በኋላ እሺ ሲሉም ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ። ቀረጻውን የሚመራው የራሳቸው ባለሙያ ማርቲን በርች እንዲሆን፣ ይውጣ አይውጣ የሚለውንም እነሱ እንዲወስኑ ጠየቁ።

ውጤቱን ሲሰሙ ሐሳባቸውን ቀየሩ። አልበሙ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ እንግሊዝ ውስጥ ወጣ፤ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በ1973 ሚያዝያ። አሜሪካ ውስጥ 6ኛ ደረጃ ድረስ ወጥቷል። እንግሊዝ ላይ 16ኛ ነው የደረሰው። ለጃፓን አድማጭ ብቻ ተብሎ ለታሰበ ሥራ ይህ ትንሽ አይደለም።

እውነት በኋላ ስቱዲዮ ገብተው አልነካኩትም?

አልነካኩትም። ይህን ጥያቄ የሚያነሳ ሰው መጠየቁ ትክክል ነው፤ በዚያ ዘመን «ላይቭ» ተብለው የወጡ ብዙ አልበሞች በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ተጠጋግነዋል። የተሳሳተ ጊታር እንደገና ይቀዳል፣ የደከመ ድምፅ ይተካል። እዚህ ግን የተጨመረ ነገር የለም። የተደረገው ነገር ከሦስቱ ምሽቶች የተሻለውን መምረጥና ድምፆቹን ማመጣጠን ነው።

ዕቃው ራሱ ለማስመሰል አይመችም ነበር። ቀረጻው በስምንት ትራክ ብቻ ነው የተሠራው። አምስት ሰው፣ አንድ ሙሉ ድራም፣ የሕዝቡ ድምፅ፣ ሁሉም በስምንት መስመር። ማርቲን በርች በዚህ መጠን ያወጣው ጥራት እጅ በአፍ ያስጭናል። ለቤዙ ብቻ ጆሯችሁን ጣል አድርጉለት። እያንዳንዱ ኖታ ተለይቶ ይሰማል።

አብዛኛው ክፍል ከሁለተኛው የኦሳካ ምሽት የተወሰደ ነው። «ስሞክ ኦን ዘ ዋተር» ከመጀመሪያው ምሽት ነው፤ «ዘ ሚውል» እና «ሌዚ» ደግሞ ከቶኪዮ።

የስቱዲዮ ቅጂዎቹን አውቃቸዋለሁ። ይህን ለምን ልስማ?

ይህ ዋናው ጥያቄ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

የስቱዲዮ ዘፈን ያለቀለት ነገር ነው። የት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚያልቅ ታውቃላችሁ። እዚህ አልበም ላይ ግን አምስት ሰዎች እየተደማመጡ፣ እዚያው በቆሙበት ሲወስኑ ትሰማላችሁ። አንዱ መንገድ ይቀይራል፣ ሌላው ያየዋል፣ ሦስተኛው ይከተላል። አልበሙ የሚወደደው በጩኸቱ ወይም በፍጥነቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ባልቆየ ነበር። ያቆየው መደማመጡ ነው።

በመጀመሪያው ዘፈን እንየው። «ሃይዌይ ስታር» በ1971 ወደ ፖርትስመዝ ሲሄዱ አውቶቡስ ውስጥ የተጀመረ ዘፈን ነው። ጋዜጠኛ ዘፈን እንዴት እንደምትሠሩ አሳዩን ብሎ ጠይቋቸው፣ ብላክሞር እዚያው ጊታር አነሳ። በአልበሙ ላይ ሲጀምር የምትሰሙት የፔይስን ስኔር ድራም (ትንሿን ከበሮ) ብቻ ነው፤ ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል ይመታል። ከዚያ ኦርጋኑ ከስር ይገባል። ከዚያ ቤዙ። ማንም አይቸኩልም። ድምፁ እየወፈረ፣ እየወፈረ ይሄድና ጊላን ሲጮህ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ያንን ጭማሪ ማንም ቆጥሮ የሰጣቸው አይደለም። አራቱ ተጫዋቾች እየተሰማሙ ነው የሚያሳድጉት። ብዙ ሰው ይህንን አጀማመር ሰምቶ ነው በአልበሙ የተያዘው።

ቀጥሎ «ቻይልድ ኢን ታይም»ን ውሰዱ። 12 ደቂቃ ነው። ሎርድ በኦርጋን ለስለስ አድርጎ ይጀምረዋል፤ ጊላን በሹክሹክታ አጠገብ በሆነ ድምፅ ይገባል። ከዚያ ያለ ቃል፣ በ«ኡ» ብቻ፣ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ሲወጣ ጩኸት ይሆናል። ከላይ ሲደርስ ሰውነትን ውርር ያደርጋል። ከዚያ ብላክሞር ይረከባል፤ ዘፈኑ ይሮጣል፣ ይሮጣል፣ እና በድንገት ይቆማል። እንደገና ያ ለስላሳ ኦርጋን። ከጩኸቱ ወደ ዝምታው የሚመለሱበት ቅጽበት ከጩኸቱ በላይ ያስደንቀኛል። ያን ያህል ጉልበት ይዞ በአንድ ላይ መቆም ቀላል አይደለም።

ጊላን ራሱ አልበሙን አይወደውም ይባላል። እውነት ነው?

በዚያ ጉዞ ላይ በነበረው ድምፁ አልረካም። ከብሮንካይትስ ገና እያገገመ ነበር። ሚክሲንጉ (ድምፆቹን የማመጣጠኑ ሥራ) ሲሠራም እሱና ብላክሞር አልተገኙም፤ ከባንዱ የተገኙት ግሎቨርና ፔይስ ናቸው። እኔ ግን እዚህ ላይ ከዘፋኙ ጋር አልስማማም። ድምፁ አንዳንድ ቦታ ይሻክራል፤ እሱም ለዘፈኖቹ የሚመጥን ሻካራነት ነው።

ጊታሩንና ኦርጋኑን መለየት አቃተኝ። ጆሮዬ ነው ችግሩ?

ጆሯችሁ ደህና ነው። ሎርድ የሚጫወተው ሀሞንድ ኦርጋን ነው። ብዙ የኦርጋን ተጫዋቾች ሀሞንድን የሚያሰሙት በሚሽከረከር ድምፅ ማጉያ ነው፤ ለስላሳና ተንቀጥቃጭ የሚያደርገውም ያ ነው። ሎርድ ግን ለጊታር ተብሎ በተሠራ ማርሻል አምፕሊፋየር ውስጥ አስገባው። ስለዚህ ኦርጋኑ እንደ ጊታር መሻከርና ማጉረምረም ጀመረ። የባንዱ ድምፅ ክብደት ግማሹ ከዚህ ነው የሚመጣው።

ለመለየት አንድ ቀላል መንገድ አለ። ኢርፎን አድርጉ። ጊታሩና ኦርጋኑ በተለያየ ጆሮ በኩል ነው የተቀመጡት። አንዱን ጆሮ ነቅላችሁ ሌላውን ብቻ ስሙ፣ ከዚያ ቀይሩ። ሁለት ሦስት ዘፈን እንዲህ ካደረጋችሁ በኋላ ሁለቱንም አብራችሁ ስትሰሙ አይምታታባችሁም።

«ስሞክ ኦን ዘ ዋተር» ሰልችቶኛል። እዚህ ምን ይለያል?

መሰልቸቱ ይገባኛል። ጊታር ሱቅ የገባ ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚሞክረው እሱን ነው። ግን ይህ ቅጂ የተቀዳበትን ጊዜ አስቡ። ዘፈኑ ያለበት አልበም ከወጣ ገና አምስት ወር አካባቢ ነው። ማንም አልሰለቸውም፤ ለዓለም ዝነኛም አልሆነም።

ታሪኩ እውነተኛ ነው። በታኅሣሥ 4 ቀን 1971 ስዊዘርላንድ ሞንትሮ ከተማ ውስጥ፣ ፍራንክ ዛፓ ካዚኖ ውስጥ እየተጫወተ ሳለ ከታዳሚው አንዱ የምልክት ርችት ወደ ጣራው ተኮሰ። ሕንፃው ተቃጠለ። ዲፕ ፐርፕሎች አልበም ሊቀዱ የመጡት እዚያው ካዚኖ ውስጥ ነበር። ጭሱ በጄኔቫ ሐይቅ ላይ ሲነጠፍ ቆመው አዩ። ርዕሱ፣ «ጭስ በውሃው ላይ» ማለት ነው፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ከእንቅልፉ ሲነቃ አፉ ላይ የመጣለት ግሎቨር ነው።

አሁን አጀማመሩን ስሙ። ብላክሞር ዜማዋን ብቻውን ይጀምራል። ሁለት ክር በአንድ ላይ ነው የሚነካው፣ በመምቻ ሳይሆን በጣቱ። ፔይስ በድራሙ የብረት ሳህን ላይ በስሱ ይገባል። ሌሎቹ አንድ በአንድ ይከተላሉ። ሁሉም ሰው የሚያውቃት ዜማ ናት፤ እዚህ ግን እንደ አዲስ ነገር ነው የሚያቀርቧት። መጨረሻው ላይ ደግሞ የስቱዲዮው ቅጂ የሌለው ነገር አለ፤ ጊታርና ኦርጋን እየተቀባበሉ አንዱ ያለውን ሌላው ይመልሳል። ሰልችቶኛል የሚል ሰው እስከዚያ ድረስ ይታገሥ።

አሜሪካ ውስጥ ዘፈኑ በ1973 በነጠላ ሸክላ ሲወጣ በአንድ ወገን የስቱዲዮው፣ በሌላው ይህ የጃፓኑ ቅጂ ነበር። 4ኛ ደረጃ ደርሷል።

የድራም ሶሎው ረጅም ነው። ብዘለው ችግር አለው?

«ዘ ሚውል» ማለታችሁ ነው። መጀመሪያ ጊዜ ብትዘሉት ማንም አይከሳችሁም። ቀስ ብላችሁ ተመለሱበት። ፔይስ በኃይል ብቻ የሚመታ ሰው አይደለም። እጁ ቀላል ነው፤ ስኔሩ ላይ የሚያንከባልላት ምት የጃዝ ተጫዋች ናት። ፍጥነቱን ሳይሆን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከፍ የሚያደርግበትን መንገድ ተከታተሉ። ያን ጊዜ ዘጠኝ ደቂቃው አይረዝምም።

በ«ስትሬንጅ ካይንድ ኦፍ ውመን» መሃል ጊላንና ብላክሞር ምን እያደረጉ ነው?

እየተጫወቱ ነው፤ እንደ ልጆች። ብላክሞር በጊታር አጭር ዜማ ይጥላል። ጊላን በድምፁ ያንኑ ይመልሳል። ብላክሞር ያከብደዋል። ጊላን አሁንም ይመልሳል። ከፍ ይላል፣ ይወሳሰባል፣ ይፈጥናል። ጊታር የሚወጣበት ቦታ ላይ የሰው ጉሮሮ ይወጣል ብሎ ማን ያስባል? ይህ ሰው ግን ይወጣል። በመጨረሻ ጊላን አንድ ረጅም፣ የማያልቅ የሚመስል ጩኸት ይለቃል። በ1970 በወጣው «ጂሰስ ክራይስት ሱፐርስታር» አልበም ላይ የኢየሱስን ክፍል የዘፈነው እሱ ነው፤ ይህን ዘፈን ሲዘጋም ያንን ሥራ ያስታውሰናል።

በ1971 የወጣው ነጠላ ዘፈን አራት ደቂቃ ገደማ ነበር። እዚህ ወደ አሥር ይጠጋል። ልዩነቱ በሙሉ ማለት ይቻላል ይህ ምልልስ ነው። ሁለቱ ሰዎች ከመድረክ ውጪ ብዙም እንደማይስማሙ በኋላ ሁሉም ሰው አውቋል። በዚህ ቅጂ ላይ ግን አንዱ የሌላውን ሐሳብ ገና ሳይጨርሰው ያውቀዋል።

«ሌዚ» ላይ የምሰማው ዜማ ከሌላ ቦታ የማውቀው ይመስለኛል።

ትክክል ናችሁ። ብላክሞር የስዊድናዊውን ሁጎ አልፍቬን «ስዊዲሽ ራፕሶዲ» ጣል ያደርግበታል። ሎርድም «ስፔስ ትራኪን» ላይ ከእንግሊዛዊው ጉስታቭ ሆልስት «ጁፒተር» ይጠቅሳል። ሁለቱም ክላሲካል ሙዚቃ በደንብ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። እነዚህን ጥቅሶች ማደን ራሱን የቻለ ደስታ ነው፤ ሁሉንም እዚህ ዘርዝሬ አላበላሽባችሁም።

የ«ሌዚ» መግቢያም የሎርድ ነው። ኦርጋኑ መጀመሪያ ሙዚቃ አይመስልም፤ ያቃስታል፣ ያንጎራጉራል። ከዚያ ቀስ ብሎ ብሉዝ ይሆናል። በአልበሙ ላይ ሳቅ ሳቅ የሚለኝ ቦታ ይህ ነው።

«ስፔስ ትራኪን» 20 ደቂቃ መሆን ነበረበት?

እዚህ ላይ አድማጮች ይከፋፈላሉ። የስቱዲዮው ቅጂ አራት ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው፤ ይህኛው የሸክላውን አራተኛ ገጽ ሙሉውን ይይዛል። ዘፈኑ ራሱ ቶሎ ያልቅና ከዚያ በኋላ የሚመጣው ረጅሙ የመሣሪያ ክፍል፣ በ1968 ከተቀዳው «ማንድሬክ ሩት» ከተባለው ዘፈናቸው የመጣ ነው። ዓመታት ሙሉ መድረክ ላይ ሲያሳድጉት የኖሩት ክፍል ነው።

እውነቱን ልናገር፣ ሁሉም ደቂቃ እኩል አይደለም። መሃሉ ላይ የሚረግብበት ቦታ አለ። ግን አልበሙን በተከታታይ ለሰማ ሰው ሌላ መዝጊያ አይታሰብም። ሎርድ ከኦርጋኑ የሚያወጣው ድምፅ፣ ከዚያ ብላክሞር ጊታሩን ዝም እስኪል አውርዶ እንደገና የሚያነሳበት መንገድ፣ ለብቻው ሊሰማ ይገባዋል። መጀመሪያ በዚህ ዘፈን አትጀምሩ፤ እሱን ብቻ እለምናችኋለሁ።

ታዲያ በየትኛው ልጀምር?

በአንደኛው፣ በቅደም ተከተል። «ሃይዌይ ስታር»ን ስሙና ካልያዛችሁ ወደ «ቻይልድ ኢን ታይም» እለፉ። ሁለቱም ካልያዟችሁ ይህ አልበም የናንተ አይደለም፤ በግድ የሚወደድ ሙዚቃ የለም።

አንድ ነገር ግን አታድርጉ። ሥራ እየሠራችሁ ከጀርባ አትክፈቱት። ድምፁ ሰፊ ስለሆነ ዝቅ ተደርጎ ሲሰማ ጫጫታ ብቻ ይሆናል። ከፍ አድርጋችሁ፣ ቁጭ ብላችሁ ስሙት። አልበሙ ላይ ከመድረክ የሚሰማ አንድ ታዋቂ ንግግር አለ፤ ሁሉም ነገር ከሁሉም ነገር በላይ ይጩህ የሚል ጥያቄ ነው። አድናቂዎች ዛሬም በፍቅር ያነሱታል። ለማዳመጫም ጥሩ መመሪያ ነው።

የትኛውን እትም ልፈልግ?

የመጀመሪያውን ሰባት ዘፈን የያዘ የትኛውም ይሆናል። በ1998 በአዲስ የድምፅ ማስተካከያ የወጣው እትም ሦስት ተጨማሪ ዘፈኖች አሉት፤ «ብላክ ናይት»፣ «ስፒድ ኪንግ» እና «ሉሲል»። እነዚህ መጨረሻ ላይ ሕዝቡ ሲያጨበጭብ ተመልሰው የተጫወቷቸው ናቸው። ጥሩ ናቸው፤ ግን መጀመሪያ ስትሰሙ አልበሙን በ«ስፔስ ትራኪን» አቁሙት።

ሽፋኑን አይታችሁ ግን ጃፓን ነው ብላችሁ አትመስክሩ። የፊቱ ፎቶ የተነሳው ለንደን፣ ሬይንቦ ቲያትር ውስጥ ነው።

ከዚያ በኋላ እነዚህ አምስቱ ምን ሆኑ?

ብዙ አልቆዩም። ድካሙም ጠቡም በዝቶ ነበር። ጊላን በዚያው በ1972 መጨረሻ እንደሚለቅ አሳወቀ፤ ግሎቨርም አብሮ ወጣ። የመጨረሻ ምሽታቸው ሰኔ 29 ቀን 1973 ነበር፤ ቦታውም ኦሳካ። በ1984 እንደገና ተገናኝተው አዲስ አልበም ሠርተዋል። ጆን ሎርድ በ2012 አርፏል፤ ማርቲን በርችም በ2020። ባንዱ በ2016 ወደ ሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ሲገባ ሎርድ በሕይወት አልነበረም። ይህ ያሳዝነኛል።

ወድጄዋለሁ። ቀጥሎ ምን ልስማ?

ከዚያ ዘመን ሁለት አልበሞች አሉ። «ዘ ሁ» የተባለው የእንግሊዝ ባንድ «ላይቭ አት ሊድስ» በየካቲት 1970 ሊድስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተቀዳ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ቆጣ ያለና አጠር ያለ። የኦልማን ብራዘርስ ባንድ «አት ፊልሞር ኢስት» ደግሞ በመጋቢት 1971 ኒውዮርክ ውስጥ የተቀዳ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ብሉዝ የበዛበት።

ከሁለቱም በፊት ግን ሌላ ሐሳብ አለኝ። በ1993 «ላይቭ ኢን ጃፓን» በሚል የሦስቱን ምሽቶች ቀረጻ የያዘ ባለ ሦስት ሲዲ ስብስብ ወጥቷል። አንድ ዘፈን ምረጡ፤ «ስትሬንጅ ካይንድ ኦፍ ውመን» ይሻላል። ከሦስቱም ምሽት አከታትላችሁ ስሙት። ያው ዘፈን፣ ያው አምስት ሰው። ምልልሱ ግን በየምሽቱ ሌላ ቦታ ይሄዳል።